ወተት ከሻርፕ ሥር

እኔ አብዱልሐሊም እባላለሁ፤ መርሳ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ክላክስ አያስፈልገውም እያሉ ይቀልዱብኛል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ባጃጅ አይደለም፤ ሙቅ ስለሠራሁበት ቀን ነው። አዎ፣ ሙቅ፣ ያውም በገዛ እጄ። ከሳቃችሁ ሳቁ፤ መርሳ ከነሕዝቧ ስቃ ጨርሳለችና እናንተ የመጀመሪያዎቹ አትሆኑም።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በነሲባ ነው። ነሲባ ስምንት ዓመቷ ነው። ዛፍ ላይ ሳትወጣ የዋለችበት ቀን ቀን አይመስላትም። እኛ ሰፈር ደግሞ ማንጎ በየጓሮው ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ከጠፋችብኝ ወደ ላይ አንጋጥጬ ነው የምጣራው። አምና ከማንጎ ወድቃ ግራ እጇ ተሰበረ። ታሰረላት፣ ዳነች። ከዛፍ የወደቀ ሰው እጁ ይሰበራል፣ ምን ይደረጋል ብለን ተውነው። ዘንድሮ ግን ምን ሆነች መሰላችሁ? ከባጃጄ ስትወርድ ተደናቅፋ ወደቀች። ከቆመ ባጃጅ እኮ ነው የምላችሁ። ሌላ ልጅ ቢሆን ጉልበቱን አራግፎ ይነሳ ነበር፤ የሷ ቀኝ እጅ ግን ቀጭ አለ። ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት።

በሚኒባስ ወደ ወልድያ በረርን። ሲሪንቃ ላይ ሾፌሩ ሰው ሊጭን ሲያቆም ጮህኩበት፣ ተሳፋሪውም አብሮኝ ጮኸበት፣ ሳይጭን ነዳው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ያለ። ራጁን ወደ መብራት አንስቶ ብዙ አየው። ከዚያ ስለ አወዳደቋ መጠየቁን ትቶ ስለምትበላው ይጠይቀኝ ጀመር። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ምንም አይጎድልም አልኩት። ቤትህ ያለውን ሳይሆን አፏ የሚገባውን ንገረኝ አለኝ። አሰብኩ። እንጀራ በሽሮ ትበላለች። ማንጎና ብርቱካን ከሰጠኋት ሌላ አትጠይቅም። ወተት? አትነካም። እርጎ? ሽታው ሲመጣ ከቤት ትወጣለች። አይብ? ጎመን? ኧረ ተወኝ። ሐኪሙ ራጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝግ ብሎ ተናገረ።

«አጥንቷ ስስ ነው። የሚያጠነክረውን ምግብ አሁን በማደጊያዋ ካላገኘች ሦስተኛው ስብራት ሩቅ አይደለም።»

እስከ መርሳ ድረስ ያቺ ሦስተኛ የምትል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። ነሲባ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፣ ጀሶው ጭኔ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ተናድጃለሁ። በማን እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ፣ በወተት ነው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። ባለቤቴ አሚና ከሐራ በኩል ከሚመጡት ሴቶች በየጠዋቱ ወተት ትገዛለች። በሻይ ቀላቀልንላት፣ ነሲባ ሻዩን ትታ ዳቦውን በላች። እርጎ ላይ ማር ጨመርን፣ ማሩን ከላይ ከላይ ልሳ እርጎውን መለሰችልን። ብስክሌት እገዛልሻለሁ አልኳት፣ እጄ ሳይድን በየትኛው እጄ ልይዘው ነው ብላ መለሰችልኝ። ተቆጣሁ። ለመንኩ። አንድ ቀንማ ከመናደዴ የተነሳ ወተቱን ጫማዬ ላይ ደፋሁት። አሚና ያን ቀን ከኔ ይልቅ ለጫማው አዘነች።

አሁን የቤታችንን ሥርዓት ልንገራችሁ። እኛ ቤት ወተት በግላጭ አይጠጣም። አሚና ነሲባን ከበር ጀርባ ትወስዳታለች፣ ሻርፕ ታለብሳታለች፣ ከሻርፑ ሥር ኩባያውን ትሰጣታለች፣ ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ ትላታለች፤ ነሲባ ግን ካደገች ወዲህ ኩባያውን ሳትነካው ትመልሰዋለች። ሥርዓቱን ያመጡት የአሚና እናት እማ ዓቢዳ ናቸው። ነሲባ ገና ስትድህ ድንቡሽቡሽ ያለች ነበረች። በራፍ ላይ ወተቷን ስትጠጣ አንዲት መንገደኛ፣ ውይ ይቺ ልጅ እንዴት ታምራለች አለችና ማሻአላህ እንኳ ሳትል ሄደች። ማታውን ልጅቷ በትኩሳት ነደደች፤ ዓይን በላት ተባለ። እማ ዓቢዳ ከዚያ ወዲህ ለወተት የምትሆን ቢጫ ሻርፕ ለይተው ሰጡን። እኔም አልተቃወምኩም። እናቴም እኔን ከበር ጀርባ ነበር የምታጠጣኝ፣ የማውቀው ይህንኑ ነው።

ታዲያ በዚህ መሀል ትርንጎ መጣች። ትርንጎ የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ናት፤ ከጉባ ላፍቶ መጥታ እኛ ዘንድ ሥራ ከጀመረች ቆይታለች። ባጃጅ ተራችን ላይ ቆማ ውድድር አለ አለችን። የአባቶች የምግብ ሥራ ውድድር። እናቶችማ ስለ ልጆች አጥንትና ጥርስ ሲሰሙ ሰለቻቸው፣ በየስብሰባው አባቶች ውጭ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ የዘንድሮው የእናንተ ነው አለች። ደንቡ ቀላል ነው። አባት ብቻውን ያበስላል፤ ወተት ወይም እርጎ ወይም አይብ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ ከነዚህ ቢያንስ አንዱ ምግቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ልጁ በሰው ፊት ይበላል፤ ቀድሞ የጨረሰው ልጅ አባት ያሸንፋል። ሽልማቱ የምትታለብ ፍየል ናት።

ባጃጅ ተራው በሳቅ ፈረሰ። ከተራችን አጠገብ ጎማ የሚጠግነው መልካሙ ግን አልሳቀም፤ እጁን በጨርቅ ጠረገና ልጄን ሳሙኤልን ይዤ እመጣለሁ፣ ጎመን በአይብ እሠራለሁ አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ያን የሚፈታተን ፈገግታ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔም ሳላስብ ትርንጎን፣ ጻፊኝ አልኳት።

የመልካሙን ፈገግታ አወራሁላችሁ እንጂ ወላሂ ልቤ ሌላ ጋ ነበር። ነሲባ በጓደኞቿ ፊት ስትሆን እልኸኛ ናት፤ ሩጫ ይሁን ዛፍ መውጣት መቀደም አትወድም። ያን ያህል ሕፃን እየበላ እሷ ብቻዋን አፏን አትዘጋም፣ ይሉኝታም ይይዛታል ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ብትቀምሰው፣ አንድ ጊዜ። ያቺ ሦስተኛ የምትል ቃል ከጆሮዬ እንድትወጣ የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

ቤት ገብቼ ስናገር አሚና እስኪያማት ሳቀች። ሻይ አፍልተህ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። እማ ዓቢዳ ግን አልሳቁም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ወተት? አሉና ወደ ቢጫዋ ሻርፕ ተመለከቱ።

ትርንጎ የጤፍ ሙቅ ሥራ አለችኝ፣ በወተት፣ የተፈጨ ሰሊጥ ጨምረህበት። ተለማመድኩ። የመጀመሪያው አረረ። ሁለተኛው ጓጎለ፣ ከድስቱ ስገለብጠው የድስቱን ቅርጽ ይዞ ወጣ። አሚና በር ላይ ቆማ፣ አማስል፣ አማስል፣ መሪ የያዝክ መሰለህ እንዴ እጅህን የምታቆመው እያለች አላገጠችብኝ። አንድ ቀን ግን ሆነልኝ። ለስላሳ፣ የሰሊጡ ሽታ ደስ የሚል። አሚና ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች። እኔ አልቀመስኩም፤ ወተት ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ነሲባ በር ላይ ቆማ ሁለታችንንም ስታየን ነበር፣ ከዚያ ወደ ማንጎዋ ሄደች።

ቅዳሜ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያ ጀመዓ፣ እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም። ወንዶች በየከሰል ምድጃው ፊት ተደርድረዋል፣ አንዱ የሚስቱን ሽርጥ አገልድሟል፣ አንዱ ከሰሉን በቆቡ ያራግባል፣ አንዱ ጨው የት ነው እያለ ባለቤቱን ይጣራል፣ ትርንጎ በማይክሮፎን ሚስት መጥራት ክልክል ነው ትላለች። ሴቶቹ በአጥሩ ዙሪያ ቆመው እልል ይላሉ። መልካሙ ጎመኑን እንደ ጎማ ይዘነጥለዋል። እኔ አማስላለሁ፣ ላቤ ይወርዳል፣ አማስላለሁ። የባጃጅ መንጃ ፈቃድ ስፈተን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ተጣደፍኩ። አንድ የማውቀው ሰው አብዱልሐሊም በርታ ብሎ ሲጮህ ዞሬ መለስኩለት፤ ተመልሼ ሳይ ሙቁ እዚህም እዚያም ጓጉሏል። አይ የኔ ነገር። በማንኪያ ደፈጠጥኩት፣ የቀረው ቀረ። ትርንጎ ጊዜው አልቋል አለች፣ አንድ ኩባያ ቀድቼ ማር ጨመርኩበት።

ልጆቹ ምንጣፍ ላይ በአባቶቻቸው ፊት ተቀመጡ። ነሲባ በአረንጓዴ ቀሚሷ መጣች፣ ጀሶው ላይ ጓደኞቿ አበባ ስለውላታል። ትርንጎ ጀምሩ አለች። ሳሙኤል ወዲያው ጎመኑን ይጎርስ ገባ፣ መልካሙ ከኋላው ጎሽ፣ ጎሽ ይላል። እኔም ኩባያውን ዘረጋሁላት። ልክ በዚያን ጊዜ እማ ዓቢዳ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። ያቺን ቢጫ ሻርፕ ይዘዋል።

ማንም ምንም ሳይል ሻርፑን በልጅቷ ላይ ጣል አደረጉት። አማቴ ናቸው፣ በዚያ ሕዝብ ፊት ምን ልል እችላለሁ? ኩባያውን ከሻርፑ ሥር ሰደድኩት። ነሲባ አልነካችውም። ቆይ፣ ትወስዳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልወሰደችም። ከጎን ያሉት ልጆች እየበሉ ነው፣ ሳሙኤል ግማሽ ደርሷል፣ የኔ ልጅ ቢጫ ሻርፕ ለብሳ ድንጋይ ሆና ተቀምጣለች። ሰዉ ማየት ጀመረ፣ አንዳንዱም ያሾካሹካል። ነሲባ፣ ልጄ፣ ጠጪ እንጂ አልኳት።

ያኔ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ እኔም ከሻርፑ ሥር ገባሁ። መርሳ ሳቀች። ውስጡ ሞቃት ነው፣ ፀሐዩ በጨርቁ አልፎ ሁሉንም ቢጫ አድርጎታል። ፊቷ ከፊቴ ጋር ሊነካካ ነው። አላለቀሰችም፣ ተቆጥታለች እንጂ። ቀስ ብዬ፣ ለምንድነው የማትጠጪው አልኳት። በቁጣ ሳይሆን ከልቤ ስጠይቃት ይኸው የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ።

«አባ፣ ብርቱካን ስበላ ማንም አይሸፍነኝም፤ ማንጎም ስበላ አይሸፍነኝም» አለችኝ። «ወተት ብቻ ነው የምትደብቁኝ። መጥፎ ነገር ስለሆነ አይደል? አንተም እኮ ጠጥተህ አታውቅም።»

ሐኪሙ ስለ አጥንት ነገረኝ፣ ትርንጎ ስለ ምግብ ነገረችኝ፤ ይቺ ልጅ ግን ስንት ጊዜ ከበር ጀርባ ጨለማ ውስጥ ቆማ፣ ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ እየተባለች ስትጠጣ ምን እንደምታስብ የጠየቃት አልነበረም። እኔንም እናቴ እንዲሁ ስታጠጣኝ አድጌ፣ ወተት ለምን እንደማልወድ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ሻርፑን ከላያችን ገፈፍኩት። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ወደ አማቴ ዞርኩና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «እማ ዓቢዳ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ዛሬ በግላጭ ነው የምትጠጣው» አልኳቸው። ሻርፑን አጥፌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ፊታቸው ተለዋወጠ። ተቆጡ ይሁን ፈሩ አላወቅኩም፤ አሚና ከአጥሩ በኩል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስታየን አየኋት።

ከዚያ ኩባያውን አነሳሁ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ ጠጣሁ። ያ ረቢ። ያን ያህል ዓመት ሸሽቼው ሸሽቼው፣ አሁን ሕዝብ እያየ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው። አንድ ጓል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ዋጥኩት። ደግሜ ጠጣሁ። ኩባያውን ሳወርድ ነሲባ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። ጢሜ በሙሉ ሙቅ ሆኗል ለካ።

«ጣፋጭ ነው?» አለችኝ።

ዋሽቼ አላውቅም አልልም፣ እሷን ግን በዚያ ሰዓት መዋሸት አልቻልኩም። አልለመድኩትም፣ ማሩ ግን ጥሩ ነው፣ ሰሊጡም ጥሩ ነው አልኳት። አሰበች። ከዚያ ደህናውን እጇን ዘርግታ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችው። አሸተተችው። ቀመሰችው። ፊቷን አጨማደደች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ጠጣች፣ ጓሉን እያኘከች ጠጣች።

አሁን ሁሉም እያያት ነው፣ በሙሉ ዓይኑ፣ ያን ያህል ሕዝብ። እማ ዓቢዳ ሻርፑን ጨብጠው ወደፊት አንድ እርምጃ ሲራመዱ፣ በቃ ሊሸፍኗት ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ ጮክ ብለው። «ማሻአላህ በሉ እንጂ! ሁላችሁም!»

ማሻአላህ አለ ግቢው። ሙስሊሙም አለ፣ ክርስቲያኑም አለ፣ ከሁሉም ድምፅ ጮክ ብሎ የተሰማው የመልካሙ ነበር። ልጆቹ ነገሩ ጨዋታ መሰላቸውና ይቀባበሉት ጀመር፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ነሲባ ኩባያውን እስከ ታች ጨለጠችውና ገልብጣ አሳየችኝ። እኔ አለቀስኩ። ምን አባቴ ላድርግ፣ አለቀስኩ።

ከዚያ ትርንጎ ማይክሮፎኑን አንስታ ሳሙኤል ቀድሞ ጨርሷል፣ ፍየሏ የመልካሙ ናት አለች። ሁለተኛ እንኳ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ እሱም ቀረብኝ። አብዱልሐሊም ከልጁ ኩባያ ስለጠጣ ከውድድር ወጥቷል አለች። ሰማችሁ? ከውድድር ወጥቷል። ተነሳሁ፣ ደሜ ፈላ። ልጄ እንድትጠጣ ጠጥቼ ነው የምቀጣው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ማይክሮፎን ሳያስፈልገኝ ሐራ ድረስ ላሰማ ነበር። ከኋላዬ ሸሚዜን አንድ ሰው ሳበው።

«አባ፣ ድስቱ ውስጥ የቀረ አለ?» አለች ነሲባ።

አፌን ዘጋሁ። ፍየሏ ከጭንቅላቴ ጠፋች፣ ትርንጎም ጠፋች። ድስቱን ላነሳ እጄን ሰደድኩ፣ ገና እሳት ላይ ነበርና ጆሮው ፈጀኝ። እማ ዓቢዳ ገፋ አደረጉኝ። ቢጫዋን ሻርፕ እጥፍጥፍ አድርገው የድስቱን ጆሮ ያዙባትና የቀረውን ሙቅ እስከ መጨረሻው ኩባያዋ ላይ ገለበጡላት። ነሲባ ኩባያውን ወደ አፏ አላስጠጋችውም። ወደኔ ዘረጋችው።

«መጀመሪያ አንተ» አለችኝ።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ተቀበልኳትና ጠጣሁ። አሁንም ጓጉሎ ነበር።